ስሜን ሲነድ

ሚያዝያ 8 ቀን 2011፣ ማክሰኞ

ሙቀት። ቀሐ ወንዝ ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል። በጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሞላው ይኸው ነው ቢሉት ማን ያምናል።

ወሬው ሁሉ የስሜን እሳት። ጓሳው እየነደደ ነው። ሄሊኮፕተር ከኬንያ መጥቷል፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሰዎች። የእህቴ ልጅ ከተማሪዎች ጋር እሳቱን ሊያጠፋ ወጥቷል። ስልኩ አይሠራም።

ሚያዝያ 9፣ ረቡዕ

ሻይ ቤት ክርክር። አንዱ «የናይሮቢ ሰው የስሜንን ቁር የት ያውቀዋል፤ ሞተሩ ይደርቅበታል» አለ። ፊዚክስ ማስተማሬ ዝም አላሰኘኝም። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ክንፉ የሚጨብጠው ያገኛል፤ ችግሩ ከፍታው ነው አልኩ። 4,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ነው። ሞተሩ ይደክማል። ነዳጅም ውኃም ቀንሶ መጫን ግድ ነው። የሚሻለው ማለዳ፣ ውርጩ ሳይለቅ። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ይሳሳል፣ ነፋሱም ከቆላ ሽቅብ ይነሣል።

ማታ ሳስበው ሰውየው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ብርድ ዘይት ያወፍራል፣ ባትሪ ያደክማል። ከዜሮ በታች ጉም ውስጥ ከተገባ ክንፉ ላይ በረዶ ይጋገራል፤ ክብደቱ ብቻ አይደለም፣ የክንፉን ቅርጽ ያበላሸዋል። ዣን ቡሌ የሚባል ፈረንሳዊ በፈረንጆች 1972 በሄሊኮፕተር እስከ 12,442 ሜትር ወጣ። ብርዱ ከዜሮ በታች 63። ሞተሩ ጠፋ፣ መልሶም አልነሣ አለው። ክንፉን ከታች የሚመጣው አየር እያሽከረከረለት ወረደ፣ በሰላም። ይህን ለሻይ ቤቱ ሰው ብነግረው ደስ ይለው ነበር። አልነግረውም።

ሚያዝያ 10

ደመና መጣ፣ ሄደ። ራስ ምታት።

ሚያዝያ 11፣ ዓርብ

የእህቴ ልጅ ስልክ ገባ። ድምፁ ሻክሯል። እሳቱን በቅርንጫፍ ነው የሚደበድቡት። ቀን ሲጠበሱ፣ ሌሊት ሲንቀጠቀጡ። ያጠፉት ጓሳ ከሥሩ መልሶ ይጤሳል።

ሄሊኮፕተሩስ?

«ጋሼ፣ ጉም ሲወርድ አይመጣም። ሲመጣ ግን እኛ የማንደርስበት ገደል ላይ ያፈሳል።»

እንግዲህ ማን ነው የሚያጠፋው፣ ውኃው ወይስ ልጆቹ? ለገደሉ ውኃው፣ ለሜዳው ልጆቹ ይሆን? ዝናብ ቢጥል ሁለቱም ባረፉ።

ዋልያ አላየም። ጭላዳ ብቻ።

ጋቢ ላኩልኝ አለ። ለእናቱ ነገርኳት፣ በሶም ትጨምርበታለች። በነገው የደባርቅ መኪና። ጫማውም ተቀዷል። ቁጥሩን ሳልጠይቀው ተቋረጠ። 41 ይመስለኛል።