የወደቀው ሪሞት

የተዋሳችሁት ዕቃ ከእጃችሁ ወድቆ ያውቃል? እኔ ከኅብረታችን ወንድም የተዋስኩት የሞዴል አውሮፕላን ሪሞት ከጠረጴዛ ላይ ሲሚንቶው ላይ ወደቀብኝ። አነሣሁት፤ ጭረት እንኳ የለውም። ስከፍተው መብራቱ በራ፣ የአውሮፕላኑ ሰርቮዎችም ታዘዙ። «ጌታ ይመስገን» ብዬ ዝም አልኩ። (ያቺን ምስጋና ሳስባት አፍራለሁ።)

ግን ቅዳሜ የሰንበት ትምህርት ልጆች በተሰበሰቡበት ሜዳ ሊያበርረው ነው። አውሮፕላኑ ትንሽ ቢሆንም ፕሮፔለሩ ጣት ይቆርጣል። ሪሞት ደግሞ አጠገባችሁ ደህና ሠርቶ ራቅ ሲል ሊከዳ ይችላል፤ የአንቴናው ሽቦ ከውስጥ ቢላላ ሞገዱ ይደክማል፣ በቅርብ ግን አይታወቅም።

ዓርብ ማታ ደወልኩለት። ዝም አለ። ዝምታው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ቆይቶ «ነገ በጠዋት እንፈትሸዋለን» አለኝ።

መጀመሪያ ፕሮፔለሩን ፈታን። ሪሞቱ ኃይሉን ቀንሶ የሚሠራበት የርቀት መፈተሻ አለው፤ እሱን አበራን። ወንድሜ አውሮፕላኑን ይዞ ቆመ፣ እኔ 30 እርምጃ ልርቅ ጀመርኩ። 10 ላይ ስደርስ ጅራቱ ተንቀጠቀጠ፤ 15 ላይ ጨርሶ አልታዘዝ አለ። ሪሞቱን ብንከፍተው የአንቴናው ሽቦ ከመሰኪያው ወጥቷል።

መልሰን ሰክተን ስንሞክር 30ውን አለፈ። እሱ ግን «ያላየነው ስንጥቅ ሊኖር ይችላል» ብሎ ያን ቀን አላበረረውም። ልጆቹ አኩርፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ለምን እንደቀረ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።