መሸነፍ ሲያዋጣ

እኔ ያደግኩት በእግር ኳስ ነው፤ የበረዶ ላይ ሆኪን ያስተማረችኝ እዚህ ሚኒሶታ የተወለደችው ልጄ ናት። አንድ ምሽት የወንዶቹን ሊግ፣ ኤንኤችኤልን፣ አብረን ስናይ "አባዬ፣ ደጋፊዎቹ ቡድናቸው እንዲሸነፍ ለምን ይፈልጋሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው። ከታች ያለ ቡድን ወጣት ተጫዋቾች ሲመረጡ የመጀመሪያውን ዕጣ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ስለዚህ ጥሎ ማለፉ ካመለጠው ማሸነፍ ኪሳራ ይሆንበታል። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ይህ ንቀት ነው።

መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 በስድስት ቡድኖች የተጀመረው የሴቶች ሊግ፣ ፒደብሊውኤችኤል፣ ጥሎ ማለፍ እንደማይገባ የተረጋገጠ ቡድን ከዚያ በኋላ የሚሰበስበውን ነጥብ ለብቻ ይቆጥርለታል። ብዙ የሰበሰበ ቀድሞ ይመርጣል። ደካማው ቀድሞ ስለሚወድቅ የሚሰበስብበት ጨዋታም ይበዛለታል።

ነጥብ አሰጣጡም ይሻላል፦ በመደበኛው 60 ደቂቃ ያሸነፈ 3፣ ከዚያ በኋላ ያሸነፈ 2፣ ከዚያ በኋላ የተሸነፈ 1። በኤንኤችኤል ማንኛውም ድል 2 ነው፤ በጭማሪ ሰዓት ለተሸነፈም 1 ይሰጣል። ታዲያ እኩል የሆኑ ቡድኖች በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጎል ከመፈለግ ይልቅ ሰዓቱን ቢገፉ ምን ይገርማል?

ሲያትል በ2021 ሲገባ ኤንኤችኤል 32 ቡድን ሞልቷል። እኔ ሌላ ከተማ ከመጨመሩ በፊት እነዚህን ሁለት ሕጎች እንዲወስድ እመኛለሁ። ልጄ ግን "መጀመሪያ ቲኬቱ ይርከስ" ባይ ናት።