ፊት ለፊቱ ያለውን አልፎ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቪዲዮ ጌም ነው። «ይህ ደግሞ ከመንፈሳዊ መጽሔት ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ የተነሣችሁ ካላችሁ፣ በተለይም እናቶች፣ ጥቂት ታገሡኝ። እኔም ከጥቂት ጊዜ በፊት እንደ እናንተ ነበርኩ።

ተወልጄ ያደግሁት በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ አጠገብ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ የኖሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከቤታችን በላይ ካለው ኮረብታ ሲያዩት ውኃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ዛሬ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ትዳር የመሠረትኩትም፣ ሁለት ልጆች ያፈራሁትም እዚሁ ነው። የሐይቅ ልጅ ጨዋታ ሲባል የሚያውቀው እግር ኳስን፣ በገና ሰሞን ደግሞ ገናን ነው። አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት፣ ስሙ የእግር ሥራው የእጅ የሆነው ጨዋታ ግን ለብዙ ዓመታት አልገባኝም። እውነቱን ለመናገር እንዲገባኝም አልፈለግሁም።

የ16 ዓመቱ ልጄ ግን ይወደዋል። የሚጫወተው የኮሌጅ ቡድኖች የሚጋጠሙበትን ጌም ነው። ይህ ዓይነቱ ጌም ለ11 ዓመታት ተቋርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጨረሻው ከወጣ በኋላ የቆመው፣ የተማሪዎቹ መልክና ማንነት ያለ ክፍያ ሲሠራበት ኖሯል በሚል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለ ደረሰ ነው። በጁላይ 2024 ሲመለስ በጌሙ ለመግባት ለፈቀደ ተጫዋች ሁሉ 600 ዶላርና የጌሙ አንድ ቅጂ ተሰጠው። ላቡን ያፈሰሰ ሰው ድርሻውን ሲያገኝ ማየት ደስ ይላል፤ ገንዘቡ ቢያንስም።

አንድ ረቡዕ ምሽት ለሽማግሌዎች ስብሰባ ልሄድ ጫማዬን ሳስር፣ ልጄ ከታችኛው ክፍል ቴሌቪዥኑ ላይ ሲጮህ ሰማሁ። ልገሥጸው ወረድኩ። «አባዬ፣ ና እየው!» አለኝ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው። «ይሄ ሰውዬ ፊቱ የቆመውን ያልፈውና ሩቅ ያለውን ለማገድ ይሄዳል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው!»

ጨዋታውን ለማታውቁ በአጭሩ ላስረዳ። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም ከ9 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት። ከሯጩ ፊት አምስት ግዙፍ ሰዎች በአንድ መስመር ይቆማሉ። የእነርሱ ሥራ ኳስ ይዞ መሮጥ አይደለም፤ መንገድ መክፈት ነው። ሯጩን ሊጥል የሚመጣውን ተጋጣሚ በእጃቸውና በደረታቸው ይገፋሉ። ጨምድደው መያዝ ግን አይፈቀድላቸውም፤ ከያዙ ቡድናቸው 10 ያርድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ነጥብ ሲቆጠር ጭብጨባው ለሯጩ ነው። የአምስቱን ስም የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

ልጄ ያንኑ ሙከራ መልሶ በዝግታ አሳየኝ። ከአምስቱ አንዱ ተነሣ። ክንዱን ቢዘረጋ የሚደርስበት ተጋጣሚ ከፊቱ ቆሟል። በትከሻው ነካ አድርጎት አለፈና አምስት ያርድ ርቆ ወደ ቆመው ወደ ሌላው ገሠገሠ። ያኛውን ደግሞ ምን የመሰለ አገዳ አገደው! እንከን አልነበረውም። ነገር ግን እዚያ የሚደርስ ሯጭ አልነበረም፤ የታለፈው ሰው ገብቶ ገና ከመነሻው ጥሎታል።

ለካ ነገሩ ምክንያት አለው። ከማገጃ ስልቶቹ በአንዱ ለእያንዳንዱ መንገድ ከፋች የሚመደብለት ሰው ሳይሆን ቦታ ነው። በቦታው ተጋጣሚ ካለ እርሱን ያግዳል፤ ከሌለ ጎረቤቱን ያግዝና ከዚያ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ይሻገራል። በእውነተኛው ሜዳ ያለ ሰው ነገሩ ሲለዋወጥ በዓይኑ አይቶ ሐሳቡን ይለውጣል። በጌሙ ያለው ግን፣ ልጄ እንደሚለው፣ መጀመሪያ የያዘውን ሐሳብ አይለቅም፤ በመካከል ሌላ ሰው ዘው ቢል እንኳ እንዳላየ ያልፈዋል።

«ሞኝ ነው!» ብዬ ስቄ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ ግን ሳቄ ጠፋ። የዚያን ምሽት አጀንዳችን ለባልና ሚስት የምናዘጋጀው ሴሚናር ነበር።

እስከ ዛሬ ያልጻፍኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ባዳረሰ ጊዜ ቀንና ሌሊት ስልክ ላይ ነበርኩ። ዘመድ ማፈላለግ፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ለተፈናቀሉት መላክ። በዚህ አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። ያ ጭንቅ ካለፈ በኋላ ግን እኔ ከስልኩ አልተላቀቅኩም። የጸሎት ቡድኑ ተጨመረ፣ በእርሱ ላይ ሽምግልናው፣ በእርሱ ላይ ኮሚቴው። በዚያ ሰሞን ባለቤቴ ጡቷ ላይ እብጠት ተሰማት። ብቻዋን ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ናሙና ተወሰደላት፤ ውጤቱን ብቻዋን ጠበቀች። ጌታ ይመስገን፣ ካንሰር አልነበረም። እኔ የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። «እንዴት አትነግሪኝም?» ብዬ ተቆጣሁ። አዎ፣ እኔው ተቆጣሁ።

«ነግሬህ ነበር» አለችኝ። «ስልክ ላይ ነበርክ። ራስህን ነቀነቅህልኝ።»

አባቴ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ነበር። ወደ ገበያ ይዞኝ ሲወርድ በመንገዱ ዳር ክፉ ውሻ ያላቸው ቤቶች ነበሩ። እዚያ ከመድረሳችን በፊት አባቴ ምንም ሳይናገር ይሻገርና በውሻው በኩል ይሆናል፤ በትሩንም ወደዚያኛው እጁ ያዛውራል። ሌሊት በአምባሰል በኩል ጅብ ሲጮህ እኔ ጋቢ ውስጥ ስሸጎጥ፣ እርሱ ካለበት አይነቃነቅም። «እሱ ሩቅ ነው፤ ተኛ» ይለኛል። በዕድሜው ሙሉ «እወድሃለሁ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ነገር ግን አንድም ቀን ውሻ አልነከሰኝም።

እስቲ እናንተም ያለፈውን ሳምንት ምሽቶች ቁጠሩ። እኔ ስቆጥር ከሰባቱ አምስቱ ከቤት ውጪ ያለፉ ነበሩ። አገልግሎት ተዉ ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ እኔም ሽምግልናውን አልተውኩም። ግን በዘጸአት 17 ያለውን ታሪክ እንደ ገና አንብቡት። ውጊያው ያለው በታች፣ ኢያሱ ዘንድ ነበር። አሮንና ሖር ደግሞ ኮረብታው ላይ ነበሩ። ወደ ውጊያው ወርደን እንርዳ ቢሉ ማን ይወቅሳቸው ነበር? እነርሱ ግን አጠገባቸው እጁ የዛለ ሰው ነበረና እርሱን ይዘው እዚያው ዋሉ።

ኮሚቴውን ለሌላ ወንድም አስረከብኩ። ሴሚናሩም ያለ እኔ ተካሄደ፤ እንዲያውም ከዓምናው ይሻላል አሉኝ። ይህ ጥቂት ከነከነኝ፤ አልደብቃችሁም።

በተረፈው ምሽት ከልጄ ጋር መቀመጥ ጀመርኩ። ጆይስቲኩን እኔ ስይዝ ውጤቱ መከራ ነው፤ ማየት ግን ተማርኩ። ሳይም ያገኘሁት ነገር ልጄን አላስደሰተውም። ጥፋቱ ሁሉ የመንገድ ከፋቾቹ አልነበረም። ልጄ ኳሱን እንደ ተቀበለ የፈጣን ሩጫውን ቁልፍ ይጫናል። ሯጩም ሊያግዱለት የተነሡትን ቀድሟቸው እየተፈተለከ ራሱ ሄዶ ተጋጣሚው እቅፍ ውስጥ ይወድቃል። «ጥቂት ጠብቀው እንጂ» አልኩት። «ከጀርባው ሁን፤ ሲገፋልህ ያን ጊዜ ሩጥ።» አጉረመረመ፤ ሞከረው። ሦስት ያርድ። እንደ ገና፣ አራት ያርድ። አሁንም አንዳንዴ ያ ሞኝ ሰውዬ የፊቱን ያልፋል፤ ያኔ የሚደረግ ነገር የለም። ግን እንደ በፊቱ በየሙከራው አይደለም።

ባለቤቴ ከኋላችን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «እኔ እኮ እንደዚያ ሯጭ ሆኛለሁ» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ዞርኩ። አልነበረም። ከዚያ ከሐኪም ቤቱ ነገር ወዲህ እኔን መጠበቅ ትታ ነበር። የልጆቹን የትምህርት ቤት ስብሰባ፣ የቤቱን ዕዳ፣ የጣራውን እድሳት፣ ሁሉን ብቻዋን ትወስናለች። «ብነግርህ ቆይ ትለኛለህ። ስጠብቅህ ይደክመኛል። ስለዚህ ቀድሜ መሮጥ ለመድኩ» አለችኝ። እኔም፣ «ሳትነግሪኝ እንዴት ልድረስልሽ?» አልኳት። ልጃችን ድምፁን ቀነሰና ቀስ ብሎ ወደ ክፍሉ ወጣ። እኛ ግን እዚያው አመሸን፤ ተጨቃጨቅን፣ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ በመጨረሻም ጸለይን። የጣራውን ነገር እስከ ዛሬ አልተስማማንበትም።

ባለፈው ወር ለዓመታዊው ምርመራ ቀጠሮ ነበራት። «ራሴ እሄዳለሁ፤ ሥራህን አትቅር» አለች እንደ ልማዷ። ቀረሁ። ስልኬን መኪናው ውስጥ ትቼ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ሕንፃው ስንሄድ፣ አንድ ሰው ትልቅ ውሻ እየሳበ ወደ እኛ መጣ። ሳላስበው በባለቤቴ ኋላ ዞሬ በውሻው በኩል ሆንኩ።

«ምነው?» አለችኝ እየሳቀች። «ታስሯል እኮ!»