ጠባሳውና ወረቀቱ

አንድ ጊዜ በቀዶ ጥገና የወለደች ሴት ከዚያ ወዲያ በምጥ አትወልድም ሲባል ያልሰማ የለም። ፈረንጆቹም ይህንኑ ይላሉ። ነገሩን በጽሑፍ ያሰፈረው ኤድዊን ክሬጊን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ነው፤ በ1916 እ.ኤ.አ.። ሰውየው ግን ባልደረቦቹን ሊያስጠነቅቅ የፈለገው የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና ያለ በቂ ምክንያት እንዳያደርጉ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተረስቶ አባባሉ ብቻ ቀረ። በዚያ ዘመን ማሕፀን የሚቀደደው ከላይ ወደ ታች ነበር። ዛሬ በአብዛኛው የሚቀደደው ከታች በኩል፣ አግድም ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አግድም የተቀደደች ሴት ምጧ በራሱ ጊዜ ሲመጣ ማሕፀኗ የመተርተር ዕድሉ ከሺህ አምስት ገደማ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ከሆነ ግን ከመቶ ከአራት እስከ ዘጠኝ ይደርሳል።

ዛሪማ የምትኖር የአጎቴ ልጅ አለች። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ጥገና ወልዳ ስትወጣ ወረቀት ተሰጥቷት ነበር። በ2013 ክረምት ጦርነቱ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ልጇን አዝላ ሸሸች፤ ወረቀቱ ከነሣጥኑ ቀረ። አሁን ሁለተኛ ልጅ አርግዛለች። ስልክ ደውላ፣ «እትዬ፣ የኔ ጠባሳ አግድም ነው። እንግዲያ በደኅና እወልዳለሁ አይደል?» አለችኝ።

የክፋቱ ክፋት ይኼ ነው፤ የቆዳ ጠባሳ ስለ ማሕፀን አይመሰክርም። ቆዳው አግድም ተቀዶ ማሕፀኑ ከላይ ወደ ታች የተቀደደ ሊሆን ይችላል፤ ግልባጩም እንዲሁ። የሚያውቀው የቀደደው ሐኪምና የጻፈው ወረቀት ነው። (የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ሌላ ነው፤ ማሕፀንን አይነካም። ከማሕፀን ዕጢ ያስወጣች ግን ይህ ሁሉ ይመለከታታል።) ባሏ ወደ ወለደችበት ሆስፒታል ሄዶ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሰው የካርድ ቁጥር ካላመጣህ አላወጣም አለው። የካርድ ቁጥሩ ያለው በጠፋው ወረቀት ላይ ነው!

ደግነቱ በሁለቱ ልጆች መካከል በቂ ዓመት አለ። ከዓመት ተመንፈቅ ባነሰ ጊዜ የተደራረበ ወሊድ ጠባሳውን ያሰጋዋል። እንደዚህ ያለች ሴት ምጥ እንዲፋጠን ተብሎ ሚዞፕሮስቶል የሚባለው ኪኒን ሊሰጣትም አይገባም።

የቀረው የመንገዱ ነገር ነው። ከጤና ጣቢያ የቀዶ ጥገና ክፍል አይጠበቅም። ሆስፒታሉ ደባርቅ ነው፣ ከሊማሊሞ በላይ። ጣሊያን የቀየሰውን ያንን ጥምዝምዝ መንገድ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ማሕፀን ሲተረተር የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሊማሊሞ በምጥ አይወጣም፤ ምጥ ሳይመጣ ነው የሚወጣው።

አማቷ አልተዋጠላቸውም። «ቀኗ ሳይደርስ ሰው አገር ምን ትሠራለች? ገንፎዋንስ ማን ያገነፋላታል?» አሉ። አልፈረድኩባቸውም። «ማርያም፣ ማርያም» የሚላት ሰው አጠገቧ ሳይኖር መውለድ ለእሳቸው እንደ ስደት ነው። ይህን ችግር ቀደም ብለው ያሰቡበት ሰዎች ግን በአገራችን አሉ። ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥጋት ያለባቸው እርጉዞች ቀናቸው እስኪደርስ በግቢው የሚቆዩበት ቤት አለው። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የነበረው መዝገብ ሲጠና፣ በማቆያው ሰንብተው ከወለዱት ዘንድ ሞቶ የተወለደው ከሺህ 18 ያህል ሲሆን በቀጥታ ከመጡት ግን 191 ነበር። እርግጥ በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የደረሱ ናቸው። ቁም ነገሩም ይኸው ነው።

ከብዙ ክርክር በኋላ ዘጠነኛው ወር ሲገባ ደባርቅ ዘመድ ቤት ልትሰነብት ተስማማች። አማቷም አብረው ይሄዳሉ፤ ቅቤው ከዛሪማ፣ ገብሱ ከደባርቅ ገበያ። በምጥ ትውለድ ወይስ በቀዶ ጥገና፣ እሱን አይቶ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እንደገና ከተቀደደች ማሕፀኗ በየት በኩል እንደተቀደደ ሳታስጽፍ እንዳትወጣ፣ ወረቀቱንም በስልክ ፎቶ እንድታነሣው ነገርኳት። አማቷ ከጎን ሆነው ሲያዳምጡ ኖሯል። «ሁለት ቦታ ይጻፍላት፤ አንዱን እኔ እይዘዋለሁ» አሉ።