እናቴ ያጣችው ስልክ ቁጥር

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ቤቶች በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ደንበኞቻችን ሩቅ ሰፈር ገቡ። ቂርቆስ ያለው መሥሪያ ቤታችን ድረ ገጽ ያሠራው ለእነሱ ነበር። ተንሸራታች ፎቶዎች፣ አምስት ቀለም፣ የሥራ አስኪያጁ ረጅም መልእክት፤ ሁሉንም ያስገባሁት እኔ ነኝ።

እሁድ ከተነሺዎቹ አንዷ ለሆነችው እናቴ «እስቲ ስልክ ቁጥራችንን ፈልጊልኝ» አልኳት። መነጽሯን ደጋግማ ጠረገች። «ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ ልጄ» አለችኝ። አፈርኩ። ጥፋቱ የዓይኗ አልነበረም።

ልብ በሉ፤ ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም። ርዕስን ከጽሑፍ የሚለዩት መጠን፣ ውፍረትና ባዶ ቦታ ናቸው። እኔ ባዶውን ሁሉ ሞልቼዋለሁ።

አንድ ፎቶ፣ ሁለት ቀለም አስቀረሁ፤ ቁጥሩን ከላይ በትልቁ ጻፍኩ። በማግስቱ እናቴ ራሷ ደወለች። እናንተም ድረ ገጽ ስታሠሩ መጀመሪያ ለእናታችሁ አሳዩ።