ከቡራዩ እስከ ስድስት ኪሎ፦ አንድ የጉብኝት ቀን ለእናትና ለልጆች

በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ የምትኖሩ እናቶች፣ ልጆቻችሁ አዲስ አበባን በምን ያውቋታል? ብዙዎቹ የሚያውቋት በታክሲ መስኮት ነው፤ አለበለዚያም ሲታመሙ ለሕክምና ሲወሰዱ፣ ወይም ለበዓል ልብስ ሊገዛላቸው መርካቶ ሲወርዱ ነው። እናቲቱም ብትሆን ጎህ ሲቀድ ወደ ሥራ፣ ሲመሽ ወደ ጓዳ ስትሮጥ ከተማይቱን በየቀኑ ታቋርጣታለች እንጂ አታያትም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን አንዲት የዕረፍት ቀን መድባችሁ ከልጆቻችሁ ጋር በእግር ስለምታደርጉት ጉብኝት እንነጋገራለን።

በቅድሚያ ስለ ራሳችሁ መኖሪያ አንድ ነገር አስታውሱ። ቡራዩ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ላይ የምትገኝ ስትሆን በ2015 ዓ.ም. ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላለች። ሰው ሁሉ «ከተማ ዳር» እያለ ይጠራታል። ይሁን እንጂ በአቅራቢያዋ ያለው የገፈርሳ ግድብ የአዲስ አበባን ሕዝብ ለብዙ ዓመታት ውሃ ሲያጠጣ የኖረ ነው። ልጆቻችሁን አስከትላችሁ ስትወጡ ይህንን ንገሯቸው፤ ወደ ከተማይቱ የሚገቡት እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለድርሻ መሆኑን ይወቁት።

በቅርቡ በአንድ ቅዳሜ ከቡራዩ ከተነሱ አምስት እናቶችና ዘጠኝ ልጆቻቸው ጋር ይህንኑ ጉዞ አድርገን ነበር። በአስኮ በኩል በታክሲ ገብተን ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ምኒልክ አደባባይ ደረስን። አንድ ወጣት አስጎብኚም በዚያው ጠበቀን።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ባለ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነበር። ካቴድራሉ ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራ ሲሆን ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። ከፊቱ በፈረስ ላይ የሚታየው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ደግሞ በ1923 ዓ.ም. የቆመ ነው። የፋሺስት ወራሪ ከሥፍራው ነቅሎ ቀብሮት ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። አስጎብኚው ይህንን በሚገባ ካስረዳ በኋላ ወደሚቀጥለው ሥፍራ ሊመራን ሲል፣ እንጀራ ጋግራ በማስረከብ የምትተዳደር አንዲት እናት፣ «እቴጌይቱስ? ስለ እሳቸው ምንም አልነገርከን» ስትል ጠየቀችው።

ጥያቄዋ የቀኑን ጉብኝት አቅጣጫ አስያዘው ማለት ይቻላል። በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አካባቢ፣ በኦሮምኛ ፊንፊኔ በሚባለው ሥፍራ ቤት አሠርተው አዲሲቱን ከተማ «አዲስ አበባ» ያሉት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጠላት ጦር በምሽግ ውስጥ ሆኖ አልበገር ባለ ጊዜም፣ ምሽጉ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝበት የመከሩት እሳቸው ነበሩ። ጠላት በውሃ ጥም ተጨንቆ ምሽጉን ለቀቀ። ይህንን ስትሰማ ያችው እናት፣ «ውሃ ሲጠፋ ቤት ምን እንደሚሆን ጀሪካን ተሸክማ የምታውቅ ሴት ናት እንዲህ ያለውን ዘዴ የምታስበው» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገሩ ግን ቁም ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ስትጎበኙም፣ ከሠራዊቱ ጋር ስንቅ ተሸክመው፣ እህል ፈጭተውና ቁስለኛ አስታመው የዘመቱትን ሴቶች ለልጆቻችሁ ማስታወስ ይገባል።

ከዚያ ወደ አራት ኪሎ አቅጣጫ ስትሄዱ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ታገኛላችሁ። የእቴጌ መነን መቃብር በዚያ ይገኛል። በግቢው ውስጥ ደግሞ ሲልቪያ ፓንክረስት የተባሉት እንግሊዛዊት አርፈዋል። እኚህ ሴት በአገራቸው ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ፣ ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜም ጋዜጣ አቋቁመው ስለ እኛ የጮኹ ናቸው። ከዚህ ዓለም የተለዩት በመስከረም ወር 1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ልጆች የውጭ አገር ሰው ለምን እዚህ እንደተቀበረ መጠየቃቸው አይቀርም፤ መልሱን አስቀድማችሁ ያዙ።

ከቤት የያዝነውን ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና ቆሎ በልተን፣ ከፔርሙዝ ሻይ ተጎንጭተን ወደ ብሔራዊ ሙዚየም አመራን። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። ለተመልካች የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ የአጽሟ አምሳያ ነው። አስጎብኚው በ1993 ዓ.ም. በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ስላገኛት «ሰላም» ጨምሮ ነገረን። ሰላም ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ያህል የሆነ ሴት ሕፃን ስትሆን የኖረችው ከድንቅነሽም ቀደም ብላ፣ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ከአምስቱ እናቶች አንዷ የመጣችው ሁለት ወንዶች ልጆቿን ብቻ ይዛ ነበር። የ12 ዓመቷ ልጅ ቤት እንድትጠብቅና ሕፃኑን እንድታዝል ቀርታለች። ስለ ሕፃኒቱ ሲነገር ያዳመጠው ታናሹ ልጅ ቀና ብሎ፣ «እማዬ፣ እህቴስ ይህን መቼ ልታየው ነው?» አላት። እናቲቱ ለጊዜው መልስ አልነበራትም።

የመጨረሻው ማረፊያችን ስድስት ኪሎ ነው። በአደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የየካቲት 12 ሰማዕታት መታሰቢያ ነው። በ1929 ዓ.ም. በዚያች ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የፋሺስት ጦር ለሦስት ቀናት ሕዝቡን ጨፈጨፈ። ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ከነቤታቸው ተቃጠሉ። ይህንን ለትናንሽ ልጆች ስትነግሩ አጭርና እውነተኛ አድርጉት፤ አታስፈራሯቸው፤ አትዋሿቸውም።

ቦምቡ የተወረወረበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠ ሲሆን ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኝበታል። እናቶችን ከሁሉ የበለጠ የሚያስደስተው ይህ ሥፍራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ዕቃዎቹ የተደረደሩት የሰው ልጅ ከልደት እስከ ሞት የሚያልፍበትን ደረጃ ተከትለው ነውና። እዚህ ሲደርሱ አስጎብኚው ዝም አለ፤ እናቶቹ ተናገሩ። ይህ ምን እንደሚይዝ፣ ያ በማን እጅ እንደሚሠራ አንዳንዷ በአማርኛ፣ አንዳንዷ በኦሮምኛ ለልጆቿ አስረዳች። የእናት እውቀት የሙዚየም እውቀት መሆኑን ልጆቹ በዓይናቸው አዩ። ልጇን ቤት ትታ የመጣችው እናት ግን ወደ እኛ ዞር ብላ፣ «ይህንን ማየት የነበረባት እሷ ነበረች» አለችን።

እንግዲህ እናቶች፣ ይህ ጉዞ የባለጠጋ ሽርሽር አይደለም። ስንቅ ከቤት ይያዛል፤ አብዛኛው መንገድ በእግር ነው። አስጎብኚ ብትፈልጉ ሦስት አራት ቤተሰብ ሆናችሁ ዋጋውን አስቀድማችሁ በመስማማት ልትካፈሉት ትችላላችሁ። ሙዚየሞቹ በዚያ ቀን ክፍት መሆናቸውን በዋዜማው አጣሩ። ከተማይቱ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሕፃናትን አታጣድፉ፤ ትናንሾች ካሉ ሁለት ወይም ሦስት ሥፍራ ይበቃል። የስልክ ቁጥራችሁን በየልጁ ኪስ ጽፋችሁ ክተቱ። በክረምት ከሆነ ጥላ አትርሱ።

ከባዱ ነገር ገንዘቡ ሳይሆን ቀኑን ማግኘቱ ነው። ልብሱ ሳይታጠብ፣ ወጡ ሳይሠራ እንዴት ይወጣል የምትሉ አትጠፉም። ቤቱ የጋራ እንደሆነ ሁሉ ሥራውም የጋራ ነውና አባት አንድ ቅዳሜ ሕፃን ቢይዝ፣ ወንድ ልጅም ዕቃ ቢያጥብ ክብሩ አይቀንስም። በተለይ ሴት ልጃችሁን ቤት ጠባቂ አድርጋችሁ አትተዉ። ያች የቡራዩ እናት ስንለያይ አስጎብኚውን የጠየቀችው የሚቀጥለው ጉዞ መቼ እንደሆነ ነበር፤ በዚያ ቀን ሕፃኑን የሚይዘው አባቱ መሆኑን ወስናለች። እናንተም ዛሬ ማታ በእራት ሰዓት ተነጋገሩና ቀን ቁረጡ።