የተከራየሁት ማድ ቤትና የእናቴ ድስት

ጡረታ ስወጣ የልጅ ልጆቼ አጠገብ ልሁን ብዬ ከነበርኩበት ከተማ ለቅቄ ኔታኒያ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየሁ። ዕቃዬን ከካርቶን አውጥቼ ሳልጨርስ ልጄ መጣች። ማድ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ “እማዬ፣ አትቀየሚኝ፤ ይህ ማድ ቤት ኮሸር እስኪሆን ልጆቹ እዚህ አይበሉም” አለችኝ።

ምን እዋሻለሁ፣ ተቀየምኩ። ስንት ዓመት በነርስነት ስሠራ የስንቱን ቁስል ያጠበ፣ ስንቱን ሕሙም ያጎረሰ እጄ ለገዛ የልጅ ልጆቼ የማይሆን ሆነ ማለት ነው?

እኔ የጎንደር ቤተ እስራኤል ነኝ። በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ ጥቂት ዓመታት ከሠራሁ በኋላ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከተጓዝነው ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች አንዷ ሆንኩ። እዚህ እንደገና ተምሬና ተፈትኜ እስከ ጡረታዬ በአረጋውያን መጦሪያ ሠራሁ። ልጄ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ የእኛ ልጆች በሃይማኖት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደገችው። እኛ ቄሶቻችን ከኦሪት ባስተማሩን አደግን፤ እሷ ረቢዎቹ ባስተማሯት። ብዙው ይገናኛል፤ ሁሉም ግን አንድ አይደለም። እናቴ ዶሮ ወጥ በቅቤ ትሠራ ነበር። ኦሪት ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀል ይከለክላል እንጂ ዶሮ ምን ወተት አላት? ትል ነበር። እዚህ ግን ዶሮም ከሥጋ ተቆጥሮ ከቅቤ ጋር አይገናኝም። የሥጋና የወተት ድስት፣ ሳህንና ማንኪያም ለየብቻ ነው። የጾምና የፍስክ ድስት ለይታችሁ የምታስቀምጡ እናቶች ይህ ብዙም አይገርማችሁም።

ችግሩ ቤቱ የኪራይ መሆኑ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ተከራዮች በምድጃው ምን እንደጋገሩበት አላውቅም። አከራዬ ደግሞ ምንም ነገር እንዳይነቀል፣ እንዳይቀየር በውሉ ላይ አስፍሯል። የሰፈሩን ረቢ ጠየቅሁና አንድ በአንድ ነገሩኝ።

መጋገሪያውን ፈትጌ አጸዳሁት፤ አንድ ሙሉ ቀን ሳልነካው አሳድሬ በመጨረሻው ሙቀት ለአንድ ሰዓት ለቀቅሁት። የግራናይቱን ጠረጴዛ አድርቄ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። የብረት ድስቶቼን 24 ሰዓት ሳልጠቀምባቸው አቆይቼ በትልቅ ድስት በሚፍለቀለቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩና በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቅኋቸው። የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ግን ፖርሴሊን ስለሆነ በፈላ ውሃም አይመለስም ተባልኩ። ስለዚህ ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ገዛሁ፤ ቀዩ ለሥጋ፣ ሰማያዊው ለወተት። ሳህን ገንዳው ላይ አይቀመጥም።

ይህን ስሠራ የድሮው ሥራዬ ትዝ አለኝ። የቀዶ ሕክምና ዕቃ መጀመሪያ ይታጠባል፤ ከዚያ አውቶክሌቭ ገብቶ በ121 ዲግሪ ሩብ ሰዓት ይቆያል። ሳይታጠብ የገባ ዕቃ አይቆጠርም፤ ሙቀቱን የማይችል ዕቃም አለ። የ9 ዓመቱ የልጅ ልጄ ቆሞ ሲያየኝ፣ “ጀርሙን እየገደልኩ ነው” አልኩት። “አይደለም እምዬ፤ ጀርም ባይኖርም እናደርገዋለን፤ ትእዛዝ ስለሆነ ነው” ብሎ አረመኝ። እውነቱን ነው። በሳሙና ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሳህን ኮሸር ላይሆን ይችላል። የነርስ ንጽህና ሌላ፣ ይህ ሌላ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ቀረ፤ የእናቴ ሸክላ ድስት። እናቴ ጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ ሰው ነበረች፤ ሸክላ ሠሪ። እኛ ስንወጣ ድስቱ ለክርስቲያን ጎረቤታችን በአደራ ቀረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለጉብኝት ስመለስ እኒያ ደግ ሴት ሳይሰበር አቆይተው፣ “የእናትሽ እጅ ነው፤ ውሰጂ” ብለው ሰጡኝ። ያን ሁሉ ዘመን ወጣቸውን ሲሠሩበት ኖረዋል። እኔም ሽሮዬን ስሠራበት ነበር።

ልጄ ድስቱን አይታ፣ “ሸክላ አይነጻም እማዬ” አለች። ያኔ ግን ተናደድኩ። “አያትሽ የሠራችውን ነው ርኩስ የምትይው?” አልኳት። ሳትመልስልኝ ሄደች።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከልጅነቴ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ምናልባት የ6 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ለራሷ የሠራችው፣ ገና አዲስ ድስት ውስጥ አይጥ ወደቀች። እናቴ ድስቱን ደጅ አውጥታ ድንጋይ ላይ ሰበረችው። ያን ያህል ደክማ ሠርታ! እኔ አለቀስኩ። እሷ ግን እጇን እየታጠበች፣ “ልጄ፣ ሸክላ የገባበትን አይለቅም” አለችኝ። ልጄ የነገረችኝ ሕግ እናቴ የምታውቀው የኦሪት ሕግ ነበር። የእንግዳ ሕግ መስሎኝ የተጣላሁት ከእናቴ ጋር ኖሯል።

ጠዋት ደወልኩላት። “ድስቱን አልሰብረውም፤ ግን ምግብ አልሠራበትም” አልኳት። ዝም አለች፤ ስታለቅስ ሰማኋት። “እኔም እንዲሰበር አልፈልግም እኮ” አለችኝ። ጀበናዬ ግን ከቡና በቀር ሌላ ነገር ስለማታውቅ ቦታዋ ላይ ቀረች።

የመጀመሪያው ዓርብ ማታ ሁሉም መጡ። አማቼ መዙዛ ይዞ መጥቶ የበሩ መቃን ላይ ሰቀለልኝ። ለካ መዙዛ የመስቀል ግዴታው የአከራዩ ሳይሆን የተከራዩ ነው። ዶሮ ወጡን በዘይት ሠራሁ፤ ሽንኩርቱን ረጅም ሰዓት ስላቁላላሁት ቅቤው ያን ያህል አልታሰበም። ልጆቹ ሁለት ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

እንደ እኔ የልጆቻችሁ ደንብ የከበዳችሁ አያቶች ካላችሁ፣ ከመቀየማችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ። እኔ ጠይቄ ቢሆን ሁለት ሳምንት ሙሉ አላኮርፍም ነበር። ድስቱ አሁን መስኮቱ ላይ ነው፤ ጤና አዳም ተክዬበታለሁ። ልጄ ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ቅጠሏን የምትቀነጥሰው ከእሱ ነው።